ቀይ ቀንድ ያለውን በራሪ ያስለየኝ አይናቹራሊስት

በሆንግ ኮንግ ለትምህርት በቆየሁበት ወቅት፣ ከማደሪያዬ ጀርባ በሚገኝ ሎንጋን የተባለ የፍራፍሬ ዛፍ ግንድ ላይ፣ ከግንባሩ ወደ ላይ የቀና ቀይ ቀንድ ያለው በራሪ ነፍሳት ተጣብቆ አየሁ። በቀንዱ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ተረጭተውበታል፤ አረንጓዴ ክንፉም በቢጫ ተዥጎርጉሯል።

ፎቶውን መጀመሪያ ያሳየሁት ክፍያ የሚጠይቅ አንድ መተግበሪያ ያለ ምንም ማመንታት «የእሳት ራት» አለኝ። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ነፍሳቱ መርፌ በመሰለ አፉ የዛፍ ፈሳሽ የሚመጥ፣ ሲካዳ ለተባለው ጯሂ ነፍሳት የሚቀርብ፣ ላንተርንፍላይ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስሙ የወጣላቸው ቀንዳቸው በሌሊት እንደ ፋኖስ ያበራል ተብሎ ስለታመነ ነው እንጂ አያበሩም።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በተማሪዎች የመመረቂያ ሥራነት የተጀመረውንና ያለ ክፍያ የሚሠራውን፣ ተጠቃሚዎች የእንስሳትና የዕፅዋት ፎቶ እያስገቡ ዝርያውን በጋራ የሚለዩበትን አይናቹራሊስትን ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ ወዲያው «ፒሮፕስ» የሚለውን ወገን ጠቆመኝ። ለእኔ ግን የአገልግሎቱ ዋጋ የታየኝ ከጥቆማው በኋላ ነው። አንድ ተጠቃሚ፣ በዚህ ወገን ውስጥ ቀንዳቸው የሚመሳሰል በርካታ ዝርያዎች ስላሉ፣ ከላይኛው ክንፍ ሥር የተሸፈነው የኋላ ክንፍ ቀለም ሳይታይ መወሰን እንደሚከብድ አስረድቶ ሌላ ፎቶ ጠየቀኝ። በማግስቱ ነፍሳቱን እዚያው ግንድ ላይ አገኘሁትና፣ ስጠጋው ክንፉን ዘርግቶ ሊበር ሲል ፎቶ አነሣሁት፤ የኋላ ክንፉ ብርቱካናማ ቢጫ፣ ጫፉ ጥቁር ነበር። በዚህ ማስረጃ ፒሮፕስ ካንዴላሪያ መሆኑ ተወሰነ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በአይናቹራሊስት ላይ የገባ ምዝገባ ለምርምር ይበቃል የሚባለው፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ለይተውት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው፤ ነገር ግን ክንፉን መርምሮ የተስማማና «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ ዝም ብሎ የተጫነ ሰው ድምፅ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙን ከመቀበላችሁ በፊት ለዪውን «በምን ምልክት ለየኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ቀንዱን ከጎን፣ ክንፉን ከላይ፣ ከተቻለም የኋላ ክንፉን ፎቶ አንሡ፤ የቆመበትንም ዛፍ ስም ጻፉ። ሎንጋንና ሊቺ የተባለው ሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ይህ ዝርያ አዘውትሮ የሚገኝባቸው ዛፎች በመሆናቸው፣ የዛፉን ስም መጻፌ በእኔ ጉዳይ ብዙ ረድቷል።