ከሥሩ የተሰበረ ራዲያተር ይዛችሁ ስትመለሱ «አጥብቀሽው ነው» ይሏችኋል

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቪትዝ ራዲያተር (የሞተሩን ውሃ ማቀዝቀዣ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ አትሂዱ።

አሻሻጡን ታውቁታላችሁ። ገና እግራችሁ ሳይረግጥ «ምን ልስጥሽ እህቴ» የሚል ልጅ ይቀበላችኋል፤ ሦስት ዋጋ ይጠራል፤ የቻይና፣ የታይዋን፣ ኦርጅናል። ኦርጅናሉ ከታይዋኑ የሚበልጠው በትንሽ ነው፣ «ለአንቺ ስለሆነ»። ቀጥሎ «ደረሰኝ ከፈለግሽ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል» ይመጣል። እኔ ቫቱን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ይህን ያዙልኝ።

የድሮው ራዲያተር ከመኪናዋ ጋር ከጃፓን የመጣው ነበር። የፕላስቲክ ታንኩ (የውሃ መያዣው) ቡናማ ሆኖ ከአሉሚኒየሙ ጋር በተጋጠመበት መስመር ማንጠባጠብ ስለጀመረ ነው የቀየርኩት። ዕድሜውን ጨርሶ ሄደ፤ ቅር አይለኝም። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለችንን እያስታመምን መንዳት የብዙዎቻችን ዕጣ ነው፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አዲሱ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን ስወጣ፣ ፖስታ ቤቱን አለፍ እንዳልኩ፣ ከኮፈኑ ሥር «ጧ» አለና መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ሞተሩ ተርፏል። መካኒኬ መጥቶ ሲያየው፣ ሙቁ ውሃ ከሞተር የሚገባበት የላይኛው አንገት ተቆርጦ፣ በክላምፕ (በማጥበቂያ ቀለበት) በታሰረበት የውሃ ቱቦ ጎማ ውስጥ ቀርቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ በደህናው ጊዜም 90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። አንገቱ ሲሄድ ግፊቱ ይሄዳል፣ ያለው ሁሉ በአንዴ ይንተከተካል። ዳገት ላይ፣ ሰልፍ ውስጥ፣ ከኋላ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ።

ራዲያተሩን በጆንያ ጠቅልዬ፣ የተቆረጠውን አንገት በፌስታል ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሲሸጥልኝ ወንበር ያቀረበልኝ ልጅ ነው ያለው። ፌስታሉን ባንኮው ላይ ሳስቀምጥ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

«አጥብቀሽው ነው።»

«እኔ አልገጠምኩትም፣ መካኒክ ነው።»

«እሱ ነዋ ያጠበቀው።»

«እስኪ አንዴ እየው። ክላምፑ ያረፈበት ደህና ነው፣ የተሰበረው ከሥሩ ነው።»

«ምን ነበር ያደረግሽበት? ውሃ ወይስ ኩላንት?»

«ኩላንት።»

«ይኸው! የዛሬ ኩላንት ፕላስቲክ ይበላል።»

«ውሃ ብልህ ኖሮስ?»

ትንሽ እንኳ አላፈረም። «ውሃማ ያዝገዋል» አለኝ። ፕላስቲክ ሲዝግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይሄኔ ባለሱቁ ከውስጥ ብቅ አለ። ጉዳዩን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አወዛወዘብኝ። «የኔ እናት፣ ባለቤትሽን ላኪው። ከወንድ ጋር እንግባባለን።» ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እኔ የሌለሁ ይመስል ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ተቀበላትና ከነዚያ ጋር አድርገው፣ ለቆራሌው ይሆናል» አለው።

«ከነዚያ ጋር» የሚለውን ልብ በሉ። ልጁ መጋረጃውን ሲገልጠው አየኋቸው፤ ጥቁር ታንክ ያላቸው ራዲያተሮች፣ እንደኔው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተደራርበዋል። የሚታዩኝ ሁሉ የላይኛው አንገታቸው የለም፣ እንደኔው ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ሰውዬው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ በልጁ አፍ «አጥብቀሽው ነው» ሲያስብለኝ የነበረው። ያንን ሁሉ ያጠበቀው የኔ መካኒክ ነው? ወይስ ከተማው ሙሉ ተማክሮ አንድ ቦታ ላይ አጠበቀ? ራዲያተሬን ከልጁ እጅ ነጥቄ ወጣሁ።

ተጠቃሚ ዕቃ አይሰብርም አላልኩም። ጎማውን በካቻቢቴ እየፈነቀለ አንገት የሚቆርጥ መካኒክ ሞልቷል። ግን ክላምፕ ሲጠብቅ የሚጎዳው ክላምፑ የተቀመጠበትን ነው፤ እዚያ ይሰነጠቃል፣ እዚያ ይጨፈለቃል። የኔ እዚያ ላይ ጭረት የለውም። መካኒኬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የድሮው አንገት ከታንኩ ጋር የሚገናኝበት ወፈር ብሎ፣ ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን በትንንሽ ድጋፎች ተይዟል። ጎኑ ላይ «ፒኤ66-ጂኤፍ30» የሚል ተቀርጿል፤ 30 በመቶ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን ማለት ነው። የአዲሱ ሥር ቀጭን ነው፣ በሹል ማዕዘን ነው የሚታጠፈው፣ ድጋፍ የሚባል የለውም፣ ከምን እንደተሠራም የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። ሞተር በተነሣ ቁጥር ይናወጣል፣ ጎማው ያንን ንቅናቄ ወደ አንገቱ ያመጣዋል፣ ኃይሉ ሁሉ ሹሉ ማዕዘን ላይ ይሰበሰባል። ማንም ይግጠመው ማን፣ መሰበሩ አይቀርም ነበር። ደግሞስ በካቻቢቴ የሚጠብቅ ዕቃ የሚሠራ ሰው፣ ካቻቢቴውን የሚይዘው ሁሉ እጁ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አያውቅም? የደህና ዕቃ ወፍራምነት ለዚያ አይደል እንዴ።

እንግዲህ የምትገዙ ከሆነ የአንገቱን ሥር በጣታችሁ ዳስሱት፤ ሹል ከሆነ ተዉት። ጽሑፉን ፈልጉ፣ ምንም እንኳ ጽሑፍ መቅረጽ የማይችል ባይኖርም። እኔ አሁን ያገለገለ የጃፓን አስገጥሜያለሁ፣ ከጋራዥ ሳይወጣ በግፊት አስፈትሼ።

ቫቱንም ክፈሉ፣ ደረሰኙን አትልቀቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስቀየር ወይም ገንዘብ መቀበል የሸማቹ መብት ነው ይላል። የኔ ቀኑ ገና አላለፈም፤ ነገ ጠዋት ጆንያዬን ተሸክሜ ወደ ንግድ ቢሮ ነኝ። እናንተም የተሰበረባችሁ ካለ ፎቶ አንሱት፣ ቁራጩንም አትጣሉ። «ተዪው እኛ ጋ» ቢሏችሁ እንዳትሰጧቸው።