ሁዱ ለጀማሪ፦ ከመጽሐፍ መማር ይሻላል ወይስ ከሰው?

ሁዱ በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የኖሩ አፍሪካውያን ለልጆቻቸው ያቆዩት የዕፅዋት ሥርና የጸሎት ጥበብ ነው። ቩዱ ከሚባለው የሄይቲ ሃይማኖት ጋር አንድ አይደለም።

ወጪ፦ መጽሐፍ ርካሽ ነው። ሰው ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቃል። «እርግማን አለባችሁ፣ ክፈሉና ልፍታው» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቶሎ ውጡ።

ቅለት፦ በሁዱ መዝሙረ ዳዊት ትልቅ ቦታ አለው። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም፤ ብቻውን ሊያነበው ይችላል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ሰው ይበልጣል፣ በጣም። ጆን ዘ ኮንከረር የሚባለውን ሥር እንውሰድ። ጠቆር ያለ፣ የተጨማደደ፣ ትንሽ ድንች የሚመስል ነገር ነው። በቀይ ጨርቅ ተቋጥሮ ይያዛል እንጂ አይበላም፤ ሆድ ክፉኛ ያስቀምጣል። ፖክ የሚባለው የአሜሪካ ተክል ሥር ደግሞ ጭራሽ መርዝ ነው። መጽሐፍ ይህን ቢነግራችሁም የያዛችሁት ሥር የትኛው እንደሆነ አይቶ አያርማችሁም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተን እንኳ የተማረች ተመራማሪ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ኦርሊንስ ወርዳ ከባለሙያዎቹ እግር ሥር ቁጭ ብላ ነው የተማረችው።

ታሪኩን ማወቅ ለሚፈልግ፣ ወይም ከአሜሪካ ርቆ ለሚኖር መጽሐፍ ይበቃዋል። ሥር ለመንካት ያሰበ ግን ከጥበቡ ባለቤቶች ከጥቁር አሜሪካውያኑ አንዱን ይፈልግ።