ድምፄን ለመለሱልኝ መምህራችን

በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘመር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ ድምፄ ይዘጋል። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ታቦት ማጀብ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ አቧራ። በማግስቱ «እንዴት አደርሽ» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው በእጄ ምልክት ነበር።

ዘንድሮ ግን ጥር 12 ሚካኤልን ሸኝቼ ማታ ቤት ገባሁና ለእናቴ የዋልኩበትን ሁሉ በሞላ ድምፅ አወራኋት። እሷም ገርሟት «ምን አግኝተሽ ነው?» አለችኝ። ያገኘሁት መምህራችንን ነው።

ከእሳቸው በፊት ያሠለጠነን ሰው «ካልጮኻችሁ ድምፅ አይከፈትም» ባይ ነበር። ገና ከመግባታችን ከፍ ያለውን ዜማ ያስይዘናል። ጉሮሯችን እየነደደ የጠነከርን ይመስለን ነበር።

መምህራችን በመጀመሪያው ቀን አንድም መዝሙር አላስዘመሩንም። ለእያንዳንዳችን ገለባና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሰጡን። ገለባውን ሁለት ጣት ያህል ነክረን፣ በቀስታ «ኡ» እያልን እንድንነፋ ነገሩን። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ትንፋሽ በጠባብ መውጫ ሲያልፍ ከፊት የሚገጥመው ግፊት የድምፅ አውታሮችን ይደግፋቸዋል፤ በኃይል ሳይጋጩ ይሞቃሉ። አንዲት እህታችን በጣም ስትነፋ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ጠረጉላትና «ቀስ በይ ልጄ፣ ገና እያነቃሽው ነው» አሏት።

ቀጥሎ ከንፈር ማርገብገብ ነው፣ ሕፃን «ብርርር» እንደሚለው። እምቢ ካለ ጉንጭን በጣት ደገፍ ማድረግ። ከዚያ አፍ ዘግቶ «እምምም»። ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ ውርር ካለ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የትዝታን አምስት ድምፆች፣ ከሚመቸን ቦታ ወደ ታች፣ ኋላ ቀስ ብሎ ወደ ላይ። ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አርፍዶ የመጣ ደግሞ ግቢ ውስጥ ድምፁን ሳያሟሙቅ አይገባም። በዚህ ቀልድ የለም።

ድምፄ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራት የሚያሳርፈው ይመስለኝ ነበር። ይብስ ሊያደክመው እንደሚችል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃም ለመዝሙር ስንቆም ብቻ ሳይሆን ከዋዜማው ጀምረን እንድንጠጣ ይመክሩናል፤ የጠጣነው በሆድ በኩል ነው እንጂ በቀጥታ አውታሮቹ ጋ አይደርስም። ለሚያስቀድስ ሰው ይህ ምክር ትልቅ ነገር ነው። ከእኛ አንዱ ድምፁ ከ3 ሳምንት በላይ ሲሻክርበት ግን ልምምዱን አስቁመው የጉሮሮ ሐኪም ጋ ላኩት። ይህን በማድረጋቸው ይበልጥ አመንኳቸው።

በወር ውስጥ ትልቅ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው አልጠቁማቸውም፤ እሳቸው አይቸኩሉም። የመዘምራን ቡድን ላላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስታስተምሩ ለምትውሉ መምህራንም ግን ከልቤ እመክራለሁ። ስልካቸውን እዚህ መለጠፍ ስለማይወዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

መምህር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ገለባዬ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።