«ሞዲፋይድ ነው» ለተባለ ድሉክስ ሪቨርብ ጭማሪ እንዳትከፍሉ

ጊታር የምትጫወቱ ሁሉ ይህን አንብቡ። ለምታውቁትም ሰው አስተላልፉ።

አንድ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ማስታወቂያ አለ፤ «ሞዲፋይድ»፣ ማለትም ውስጡ ተቀያይሮ የተሻሻለ ነው ይላል። ጠፋ ስንለው ይመለሳል። ፎቶው ያማልላል። ጥቁር ሣጥን፣ ብርማ የስፒከር ጨርቅ፣ ከኋላ ቀላ ብለው የሚበሩ ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች)። ከሥሩ «የ65 ፌንደር ድሉክስ ሪቨርብ። በባለሙያ ሞዲፋይ የተደረገ። ሙሉ በሙሉ በእጅ የተበየደ። ቲዩቦቹ ኦሪጅናል የድሮ ሙላርድ። ጉልበቱ ከ22 ወደ 40 ዋት ያደገ» ይላል። ዋጋው ምንም ካልተነካካ ተመሳሳይ አምፕ በብዙ ይበልጣል።

አንድ ወዳጄ ገዛው። ገዝቶም ወደ እኔ ይዞት መጣ፤ «ይሸታል» አለኝ። የኋላ ክዳኑን ፈታን፣ ቻሲሱን፣ ማለትም ሰርኪቱ ያለበትን የብረት አካል፣ አወጣን። ከተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት «ፌንደር» የሚለውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እንግባባ። የድሉክስ ሪቨርብ የመጀመሪያው በ1963 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤቢ763 በሚባለው ሰርኪት የተሠራ፣ ሁለት 6ቪ6 ቲዩብ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 22 ዋት። ለመድረክ ይበቃል፤ ለስቱዲዮ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። የድሮዎቹ ዋጋ ሰማይ ሲነካ አምራቹ ፌንደር ራሱ በ1993 እንደገና ማምረት ጀመረ። «65» የሚለው የሞዴሉ ስም ነው እንጂ የተመረተበት ዓመት አይደለም። «የ1965 ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው።

አዲሱ ከድሮው የሚለየው በዋናነት በአሠራሩ ነው። በድሮው ካፓሲተሩና ሬዚስተሩ ፋይበር ሰሌዳ ላይ ተደርድረው አንድ በአንድ በእጅ ይበየዱ ነበር። አዲሱ የታተመ ሰርኪት ቦርድ አለው። ይህ ነውር አይደለም። ድምፁ አሪፍ ነው፣ ብዙ ባለሙያ በየመድረኩ ይጫወትበታል። በራሱ ዋጋ ከተሸጠ ጸብ የለንም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ከሁሉ የባሰው «40 ዋት» የተባለው ነው።

አምፑን የሸጠው ሰውዬ ያደረገው ሁለቱን 6ቪ6 ነቅሎ በቦታቸው ሁለት 6ኤል6 መሰካት ነው። በቃ። የእግራቸው አደራደር ተመሳሳይ ስለሆነ ሶኬቱ ላይ ግጥም ይላሉ። አምፑም ይበራል፣ ይጮሃል። ግን አንድ 6ቪ6 ውስጡን ለማሞቅ 0.45 አምፒር ሲወስድ አንድ 6ኤል6 0.9 ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ ትራንስፎርመሩ ላይ ያልተሠራበት ሸክም ተጫነበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ባያሱ፣ ማለትም በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ማስተካከያ፣ አልተነካም፤ ለ6ቪ6 በተስተካከለበት ቀርቷል። በዚያ አቀማመጥ 6ኤል6 ከሚገባው በላይ ከረንት ይስባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወትንበት በኋላ ትራንስፎርመሩ እጅ አያስነካም ነበር። ወዳጄን ያስጨነቀው ሽታ የጥቅሉ ቫርኒሽ ሲግል የሚያመጣው ነው። ትንሽ ቢቆይ ትራንስፎርመሩ ይቃጠል ነበር። እሱ ደግሞ ከአምፑ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ዋቱስ? አላደገም። ዋት ቲዩብ በመቀየር ብቻ አይመጣም። ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመርና ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሻግረው ትራንስፎርመር ሁለቱም የተጠቀለሉት ለ22 ዋት አምፕ ነው። እንበልና በእውነት እጥፍ ሆነ። ጉልበት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ልዩነቱን ይለያል እንጂ «ይሄ ሌላ አምፕ ነው» አይልም። 6ኤል6 በድሉክስ ላይ በአግባቡ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ፤ ባያሱን ለክተው፣ ትራንስፎርመሩ መቻሉን አረጋግጠው፣ አንዳንዴም ቀይረው። እንዲህ የሠራ ሰው የለካውን ቁጥር ይነግራችኋል። የእኛው ሰውዬ ባያሱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ «በጆሮዬ ነው ያስተካከልኩት» አለ።

ቲዩቦቹን እንይ። ሙላርድ ተብሎ በነጭ ቀለም ተጽፎባቸዋል። ጽሁፉ ፎርጅድ አይደለም። የሙላርድ ስም ዛሬ ኒው ሴንሰር በሚባል ኩባንያ እጅ ነው፤ ቲዩቡም ሩሲያ ውስጥ ሳራቶቭ ከተማ ይመረታል። ደህና ቲዩብ ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት የድሮው ሙላርድ እንግሊዝ ውስጥ ብላክበርን በነበረው ፋብሪካ የተሠራው ነው። የዚያኛው መለያ ከመስታወቱ ግርጌ በአሲድ የተጻፈች ደብዛዛ ኮድ ናት፤ ውስጧ ቢ የምትል ፊደል ትኖራለች፣ ብላክበርን ለማለት። መብራት በጎን ሲያርፍባት ነው የምትታየው። ትልቁ የቀለም ጽሁፍ ግን በጣት ሲታሽ የሚለቅ ስለነበር ሥልሳ ዓመት የኖረ ቲዩብ ላይ አዲስ መስሎ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። የቴሌፉንከን (የድሮ የጀርመን አምራች) ባለ አልማዝ ምልክት ቲዩብ ነው ከተባላችሁም ገልብጡት፤ ምልክቱ በእግሮቹ መሃል መስታወቱ ላይ መኖር አለበት። በነገራችን ላይ ድሮም ቢሆን ፋብሪካዎቹ አንዱ የሌላውን ስም እያተሙ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ካርቶንና ስም አይታችሁ ብቻ ገንዘብ አታውጡ።

«በእጅ የተበየደ» የተባለውስ? ቻሲሱ ውስጥ ያገኘነው ፋብሪካው ያስቀመጠውን ያንኑ ሰርኪት ቦርድ ነው። እርግጥ በእጅ የተነካ ቦታ አለ። ጥቂት ካፓሲተሮች ተቀይረዋል። የቀየራቸው ሰው ብየዳውን ከመጠን በላይ አግሎት ቦርዱ ጠይሟል። አንድ ቦታ ላይ የመዳቡ መስመር ተላጦ ተነስቷል። እሱን ለመሸፈን ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ በሙቅ ሙጫ ለጥፎታል። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ሙጫ! ሲግል ምን እንደሚሆን ለእናንተ ልተወው። ፌንደር ራሱ በእጅ የተበየደ ድሉክስ ይሠራል፤ ስሙ 64 ከስተም ድሉክስ ሪቨርብ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ሻጮች 64 እና 65 የሚለውን ሆን ብለው ያደበላልቁታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የቻሲሱን የውስጥ ፎቶ ጠይቁ። «ዋስትናው ይበላሻል» ካላችሁ ሞዲፋይ ተደርጎ እንዴት ዋስትና ቀረለት በሉት።

አንድ ነገር ግን በጣም አናዶኛል። የመብራት ገመዱ ሦስተኛ እግር፣ የመሬቱ ማለቴ ነው፣ በፒንሳ ተቆርጧል። ኸም የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ይመስላል። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ያለበት አምፕ ነው። ጊታሩን የያዘው ሰው እጁ ክሩ ላይ፣ ከንፈሩ ማይክ ላይ ነው። አንድ ሽቦ ቢላቀቅ መንገዱ በእሱ ሰውነት ነው የሚሆነው። ገንዘቡ ይቅር፣ ለዚህ ግን ሰው መጠየቅ ነበረበት። ሻጩ ስንደውልለት «እናንተ ጆሮ የላችሁም እንጂ ሳውንዱ ሌላ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ 230 ቮልት ላይ ከሰካችሁት አለቀለት። «የትም ይሠራል» የሚለውን አትመኑ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ደግሞ ቶን ማስተር የሚባል ድሉክስ ሪቨርብ አለ። በ2019 የወጣ ነው፤ መልኩ ቁርጥ ይሄኛውን፣ ውስጡ ግን ዲጂታል። ቲዩብ የለውም። ክፉ ዕቃ አይደለም፣ ብቻ ቲዩብ ነው ተብሎ እንዳይሸጥላችሁ። ስታነሱት ክብደቱ የቲዩቡ ግማሽ አካባቢ ነው። ከ1993 ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት ደግሞ ሠላሳ ዓመት እየሞላቸው፣ አንዳንዶቹም እያለፋቸው ነው። የፊልተር ካፓሲተሮቻቸው (የመብራቱን ኃይል የሚያጣሩት) መታየት አለባቸው፤ ያንን ወጪ ዋጋው ላይ አስቀንሱ።

እና ሞዲፋይ ማድረግ ይቅር? ኧረ በጭራሽ! የዚህ አምፕ ደስታው ግማሹ እዚያ ነው። ያልተነካካውን ግዙና በራሳችሁ ጆሮ፣ ቀስ እያላችሁ ሥሩት። ሰው የሠራው የእሱ ጣዕም ነው። ካልወደዳችሁት ለማስመለስ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ።

ቅድሚያ ትንንሾቹን ቲዩቦች ሞክሩ። ርካሽ ነው፣ ባያስ አይጠይቅም፣ ካልተስማማችሁ መልሳችሁ ትሰካላችሁ። ከእነሱ የተለመደው 12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅሙ 100 ነው። 5751 ወደ 70፣ 12ኤቲ7 ወደ 60፣ 12ኤዋይ7 ወደ 44 ይወርዳል። አምፑ ካሉት ሁለት ቻናሎች ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ያለው የቪብራቶው ስለሆነ ከጊታር መሰኪያው በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛዋን ቲዩብ በ5751 ቀይሯትና ቮልዩሙን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። የአምፑ ድምፅ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ሁለቱ ፒካፕ አብረው ሲሠሩ ኖታዎቹ ተለያይተው ይሰማሉ። ለጃዝና ለንጹሕ ድምፅ ግሩም ነው። ጠንካራ ሮክ የምትፈልጉ ግን ባለበት ተዉት።

ሁለተኛው ስፒከር ነው። ከፋብሪካው የሚመጣው ጄንሰን ሲ12ኬ ነው፣ 8 ኦም። ብዙ ሰው የላይኛው ድምፅ ይወጋኛል ይላል። ስፒከር መቀየር ካፓሲተር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አዲሱም 8 ኦም መሆን አለበት። ስፒከሩ ተነቅሎ አምፑን ማስነሳት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሻግረው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። የድሮውን ስፒከር አትሽጡት፣ አንድ ቀን አምፑን ስትሸጡ ያስፈልጋችኋል። ስትገዙም እንዲሁ፤ ሻጩ የተነቀሉትን ዕቃዎች አብሮ ካልሰጠ የት እንደሄዱ ይንገራችሁ።

የብራይት ካፓሲተሩ ነገርም አለ። የቪብራቶ ቻናሉ ቮልዩም ላይ የተቀመጠች 47 ፒኮፋራድ ናት። ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ድምፁን ስል የምታደርገው እሷ ናት። አንድ እግሯን መቁረጥ ብቻ ነው፤ ሲያሰኛችሁ መልሶ ይበየዳል። ግን ይህ ቻሲሱን መክፈት ይጠይቃል። ካፓሲተሮቹ ከመብራት ተነቅለውም ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። እንዴት እንደሚለቀቅ የማታውቁ ከሆነ አትንኩት፤ ለሚያውቅ ስጡ።

6ቪ6ቶቹ ሲቀየሩ ባያስ ይለካል። ስሌቱ ይህን ያህል አይከብድም። ቲዩቡ የሚችለው 12 ዋት ነው እንበል። የተለመደው ከዚያ 70 በመቶውን መጠቀም ነው፤ 8.4 ዋት። ፕሌቱ (ከረንቱን የሚቀበለው የቲዩቡ ክፍል) ላይ 415 ቮልት ካለ 8.4 ለ415 ሲካፈል ወደ 20 ሚሊአምፒር ይመጣል። ማስተካከያዋ ቻሲሱ ውስጥ አለች። «ባያስ አድርጌዋለሁ» ለሚል ሻጭ ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፤ ፕሌቱ ላይ ስንት ቮልት ለካህ፣ ስንት ሚሊአምፒር አገኘህ? የሠራ ሰው ወዲያው ይመልሳል። ያልሠራው ስለ ቶን ማውራት ይጀምራል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አምፑን ከመብራት ንቀሉት። ምንም ሳትነኩ በፊት የገመዱን ጫፍ፣ የቲዩቦቹን ቁጥርና የኋላውን ጽሁፍ ፎቶ አንሱ፤ አለበለዚያ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ትባላላችሁ። ማስታወቂያውንም ሳይጠፋ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ ትክክለኛዎቹ 6ቪ6ቶች ይግቡ፣ የመሬቱ እግር ያለው ገመድ ይቀየር፣ ባያሱ ይለካ። የወዳጄ አምፕ በዚህ ድኗል፤ ትራንስፎርመሩ ተርፏል። የቦርዱ መስመር ብቻ በደንብ መጠገን ነበረበት። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም። ማስታወቂያው ግን እንደገና ወጥቷል፤ በዚህኛው ላይ «50 ዋት» ይላል።