የግልና የቢሮ ዋንድራይቭ ሲደባለቅ፦ የቱን መግዛት ያዋጣል?

የሰኔ መዝጊያ ሰሞን ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ቢሮ፣ ከሂሳብ ሠራተኛዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የደመወዝ ፋይሉን ስትከፍተው ከላይ ቢጫ መስመር መጣ፦ «ሪድ ኦንሊ»፣ ማየት እንጂ ማረም አይቻልም ማለት ነው። ቸኩላ ስለነበር በሌላ ስም ሴቭ አድርጋ በቴሌግራም ላከችው። ማታ ላይ ሦስት የደመወዝ ፋይል ተገኘ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ።

ኤክሴሉ ምንም አልሆነም። ከላይ በቀኝ ጥግ ያለው ስም የግል አካውንቷ ነበር። የማረም ፈቃድ የተሰጠው ግን ለቢሮ ኢሜይሏ ነው፤ ለሌላው ሰው ማየት ብቻ። ወደ ቢሮው አካውንት ስትቀይር ፋይሉ ተከፈተላት።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ደመና እዩ። የዋንድራይቭ ምልክት ናት፤ ዋንድራይቭ ፋይልን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ የማይክሮሶፍት አገልግሎት ነው። ሰማያዊዋ የቢሮ ዋንድራይቭ ናት፣ ነጯ ወይም ግራጫዋ የግል። የቢሮ ፋይል በግራጫዋ ውስጥ ካለ ችግሩ እዚያ ነው። ፋይሉ በድሮው የኤክሴል ፎርማት፣ በኤክስ ኤል ኤስ ከሆነም ወደ ኤክስ ኤል ኤስ ኤክስ ቀይሩት፤ በድሮው አብሮ ማረም አይቻልም።

አሁን ወደ ምርጫው። ነጻው የግል ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ጉግል 15። የጉግሉ ግን ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር የሚጋራ ነው፤ የልጆች ፎቶ ሲሞላው አዲስ ፋይል አልጭንም ይላል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይበቃል። ለቢሮ ግን አልመክርም። ሠራተኛው ሲለቅ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ቤዚክ ለአንድ ሰው 1 ቴራባይት አለው። ኤክሴሉ ግን በብራውዘርና በስልክ ብቻ ነው፤ ብራውዘር ላይ ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) አይሠራም። ቢዝነስ ስታንዳርድ ያንኑ 1 ቴራባይት ይዞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ኤክሴል ይጨምራል። ለእኛ ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኔት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ላይ በወረደው ፋይል ትሠራላችሁ፣ ሲመለስ ራሱ ይልከዋል። ኔት በሌለበት ሰዓት ሁለት ሰው አንድ ፋይል እንዳይነካ ብቻ ተነጋገሩ።

የጉግል የቢሮ ጥቅል የሆነው ጉግል ዎርክስፔስ ስታርተር ለአንድ ሰው 30 ጊጋባይት ነው። ሽያጩን በስልኩ ላይ ለሚመዘግብ ሱቅ ከሁሉም ይቀላል፤ አብሮ መጻፍም አያስቸግርም። የኤክሴል ማክሮ ግን እዚያም አይሄድም።

እኔ ብሆን ለሂሳብ ክፍሉ ስታንዳርድ፣ ለሌላው ሠራተኛ ቤዚክ እገዛለሁ። ሁለቱን ቀላቅሎ መግዛት ይቻላል። ሁሉም ሰው ስታንዳርድ ይኑረው ማለት ብር ማባከን ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ፋይሉን ኮፒ አታድርጉ፣ አንሥታችሁ ወደ ቢሮው ዋንድራይቭ አዛውሩት። አሮጌውን ሊንክ ዝጉና አዲሱን ለቢሮ ኢሜይሎች ብቻ ሼር አድርጉ። ክሮም ላይ ደግሞ ለቢሮው የራሱን ፕሮፋይል ክፈቱለት፤ የግሉ በሌላ ፕሮፋይል ይቆይ።