የተሰነጠቀ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ኬዝ፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

መኪናውን ከስር ድንጋይ መታው፤ ሲቆም መሬቱ ላይ ቀይ ዘይት ታየ። ጋራዥ ሲገባም «ኬዙ (የካምቢዮው የውጭ አካል) ተሰንጥቋል» ተባለ። አንዱ «በአርጎን ያስበይዱት» ይላል፤ ሌላው «ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሄደው ሙሉ ካምቢዮ ይግዙ» ይላል። እኔ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሁለት ነገር አጣራለሁ፦ ኬዙን የሰነጠቀው ምንድን ነው? ስንጥቁስ የት ነው?

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እሱን ባለመጠየቅ ነውና። የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከታጠፈ የመታው ከውጭ ነው። ወደ ውጭ ከተገለበጠ ግን ውስጥ የተሰበረ ጥርስ ወይም ዲፈረንሻል በርቅሶ ወጥቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኬዙን ብቻ መበየድ ቁስል ሳያጠቡ እንደማሰር ነው፤ የብረት ስብርባሪው ከዘይቱ ጋር ዞሮ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ቦዲና የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ቶርክ ኮንቨርተር አዳርሷል። እዚህ ላይ ሳላመነታ ሙሉ ካምቢዮ ይቀየር እላለሁ።

ምቱ ከውጭ ከሆነ የስንጥቁ ቦታ ይወስናል። ካምቢዮው ከሞተር ጋር የሚታሰርበት ጆሮ ወይም ግፊት የሌለበት የጎን ግድግዳ ከሆነ ጥሩ በያጅ ያድነዋል። ቫልቭ ቦዲው የሚያርፍበት ገጽ ወይም የኩሽኔታ መቀመጫ ከተነካ ግን ብየዳን አልመክርም። በእነዚያ ቀጫጭን የዘይት መንገዶች ውስጥ ግፊቱ ከ200 ፒኤስአይ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ሲሆን ደግሞ እጅግ ይጨምራል። የብየዳው ሙቀት ገጹን በትንሹ እንኳ ካጣመመው ዘይቱ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይሾልካል፣ ማርሹም ይንሸራተታል።

ብየዳው ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። ኬዙ ለዓመታት ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሞቅ ዘይቱ እየወጣ ብየዳውን በአረፋ ይሞላዋል። ስለዚህ ካምቢዮው ወርዶ፣ ተፈትቶና በደንብ ታጥቦ፣ በስንጥቁ ጫፎች ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ እንዳይቀጥል ተደርጎ ነው የሚበየደው። «መኪናው ላይ እንዳለ እንበይደው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ሙቀቱ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙትን ኦይል ሲሎች ያቃጥላል፣ የብየዳው ኤሌክትሪክም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል። በማጣበቂያ መድፈንም ግፊት በሌለበት ቦታ ጋራዥ እስኪደርሱ ያገለግል ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይመኑት።

የቡሎን ጥርስ ከተበላ ብቻ ኬዝ መቀየር ያሳዝነኛል። ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ ሥራው በደንብ ከተሠራ ከቀድሞው ይበረታል። ትንንሾቹ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎኖች ወደ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ ጥርሱ የሚበላውም በጉልበት ሲጠብቁ ነው።

ባዶ ኬዝ ገዝቶ መቀየር መካከለኛ መንገድ ይመስላል። ሆኖም ውስጡ ያለው ሁሉ ወጥቶ ወደ አዲሱ ይገባል፤ የእጅ ዋጋው ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ ከመጠገን እምብዛም አይተናነስም፤ ሲልና ጋስኬትም አዲስ ይገዛል። የፊት እግር ነጂ መኪና ላይ ደግሞ ኬዝ ሲቀየር የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ጥብቀት እንደገና ተለክቶ ስስ የማስተካከያ ቀለበት ይመረጥለታል። ይህን መለኪያ የማያውቅ ጋራዥ ቢገጥምልዎት ካምቢዮው ብዙም ሳይቆይ ይጮሃል። የውስጡ ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ሙሉ ካምቢዮ የማይገኝለት መኪና ካለዎት ግን የሚሻለው ይኸው ነው።

እንደ ቪትዝና ኮሮላ ላሉ ገበያ ላይ ለሚበዙ መኪኖች እኔ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮን እመርጣለሁ። ታሪኩን ማወቅ አይቻልም፣ እሱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ ይጠንቀቁ። ቶዮታ የካምቢዮውን ኮድ፣ ለምሳሌ ዩ340ኢ የሚለውን፣ በመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ከሚገዙት ጋር ያመሳክሩት። ዘይቱን ያሽትቱ፤ የተቃጠለ ከሸተተ ይተዉት። ኮፓውን (ከስር ያለውን የዘይት መያዣ) አስከፍተው ማግኔቱን ይዩ፤ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ግን የጥፋት ምልክት ነው። የዋስትናውን ጊዜ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

አሮጌውን ካምቢዮ መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ እስኪሞከር ለማንም አይስጡ። አዲሱ ላይ ሴንሰር ወይም የሽቦ ማያያዣ ጎድሎ ቢገኝ የሚወሰደው ከእሱ ነው።