ለቤዝመንት ወለል የቪኒል ጣውላ፦ ከመነጠፉ በፊትና ከተነጠፈ በኋላ

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ቤዝመንታቸውን ለወላጆች ማረፊያ፣ ለኪራይ ወይም ለእንግዳ መቀበያ ያሰናዱታል። እኛም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘውን የቤታችንን ቤዝመንት ለእናቴ መኖሪያ ስናዘጋጅ ወለሉን ያለበስነው ኤስፒሲ በሚባለው ጠንካራ የቪኒል ጣውላ ነው። የዋሽንግተን አካባቢን የሐምሌ ወበቅና የጥር ቅዝቃዜ ካሳለፈ በኋላ ስመዝነው ለቤዝመንት የሚስማማ ንጣፍ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሆኖም ጥሩነቱን በአብዛኛው የሚወስነው ከመነጠፉ በፊት ለኮንክሪቱ የሚደረገው ጥንቃቄ መሆኑን ገዢ ሁሉ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ኤስፒሲ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ፕላስቲክ ተደባልቀው የሚሠሩት ሰሌዳ ነው። ላሚኔት የሚባለው ሌላው የወለል ንጣፍ ግን ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው ያብጣል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢቀንስም ከመሬት በታች ላለ ክፍል አልመክረውም። ቪኒል ስንገዛ ሻጮች አስቀድመው የሚነግሩን የጣውላውን ጠቅላላ ውፍረት ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከእንጨት መሰሉ ሥዕል በላይ ያለው ግልጽ የመከላከያ ሽፋን ነው። ሽፋኑ የሚለካው ሚል በሚባል፣ ከአንድ ኢንች አንድ ሺህኛ በሆነ መለኪያ ሲሆን ለመኝታ ክፍል 12 ሚል ይበቃል፤ ልጆች ለሚሯሯጡበት፣ ወንበር ለሚጎተትበት ወይም ለሚከራይ ክፍል ግን 20 ሚል፣ ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ያለውን መምረጥ ይገባል።

ሳጥኑ ላይ ውሃ እንደማይጎዳው የተጻፈው እውነት ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ጣውላው ብቻ ነው። የቤዝመንት ኮንክሪት አፈር ላይ የተኛ በመሆኑ እርጥበትን ከመሬት እየሳበ በተን መልክ ወደ ላይ ይለቃል፤ ከኮንክሪት ሥር ፕላስቲክ ማንጠፍ ከመለመዱ በፊት በተሠሩ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ይህ ይብሳል። ቪኒል ተን ስለማያሳልፍ እርጥበቱ ከሥሩ ይታፈናል፤ ጣውላው ምንም ሳይሆን በአቧራውና በአሮጌው ሙጫ ላይ ሻጋታ ይበቅልና ክፍሉ መሽተት ይጀምራል። ያነጋገርነው አንድ ሻጭ ንጣፉ ውሃ ስለማይፈራ ኮንክሪቱን መመርመር አያስፈልግም ብሎን ነበር፤ ይህ ሰውን የሚጎዳ ምክር ነው። ቀላሉ ምርመራ ጎንና ጎኑ 18 ኢንች የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ዙሪያውን በቴፕ አሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት ነው፤ ሲነሳ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ሥራው መቆየት አለበት። ይህ ዘዴ ግን በደረቅ ወቅት ሊያሳስት ስለሚችል፣ ኮንክሪቱን በስቶ የውስጡን አንጻራዊ እርጥበት በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ አስመጥቶ ውጤቱን አምራቹ በአነጣጠፍ መመሪያው ካስቀመጠው ገደብ ጋር ማስተያየት ይበልጣል፤ ገደቡ ከታለፈ አምራቹ ዋስትናውን ሊነፍግ ይችላል። እርጥበቱ ከበዛ መጀመሪያ የሚታየው ውጭው ነው፦ አሸንዳው የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው አርቆ ይጥላል ወይ? አፈሩስ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ቤቶች ጎንና ጎናቸው 9 ኢንች የሆኑ አሮጌ የወለል ታይሎች ከተገኙ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርባቸው ስለሚችል በላቦራቶሪ ሳይመረመሩ መፈንቀል ወይም መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ከአፈር ወደ ቤት የሚገባውና የሳንባ ካንሰር የሚያስከትለው ጨረር አመንጪ የሬደን ጋዝ ምርመራም ከንጣፉ መቅደም አለበት፤ ልኬቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ (የጨረር መለኪያ) ከደረሰ የማስወጫ ቧንቧ ለመትከል ብዙውን ጊዜ ወለሉን መብሳት ያስፈልጋል።

አነጣጠፉ ቀላል ነው ይባላል፤ ወለሉ ልክ ከሆነ በእርግጥም ቀላል ነው። አብዛኞቹ አምራቾች በ10 ጫማ ርዝመት ከ3/16 ኢንች የበለጠ ጉብታም ሆነ ጉድጓድ አይፈቅዱም፤ ከዚያ ካለፈ ሰው በረገጠው ቁጥር መጋጠሚያዎቹ እየተንቀሳቀሱ ይሰበራሉ። ጣውላው ከሥሩ የተለጠፈ ስስ ስፖንጅ ወይም ቡሽ ካለው ሌላ መደረብ አያስፈልግም፤ በግድግዳው ዙሪያ ሩብ ኢንች ያህል ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ ይሸፈናል።

አኗኗራችንን በተመለከተ ሻጮች የማያነሱት ነገር አለ። ቪኒል ሙቀት አይወድም፤ ከምድጃ የወረደ ጀበና በቀጥታ ቢቀመጥበት ወይም ከማጨሻው ፍም ቢወድቅበት የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ረከቦቱና ማጨሻው የሚቀመጡበት ቦታ ላይ የሴራሚክ ወይም የድንጋይ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ከሰልን ግን ከነጭራሹ ወደ ቤዝመንት ማውረድ አይገባም፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል፤ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ለጉዝጓዝ የሚነሰነሰው ቄጤማ ንጣፉን አይጎዳውም፤ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ግን ከቪኒሉ ጋር ተዋህዶ የማይለቅ ቢጫ እድፍ ያስቀራል። በተረፈ መወልወሉ ቀላል ነው፤ እግር ላይ ከሴራሚክ ይልቅ ይሞቃል፣ ከምንጣፍ ግን ይቀዘቅዛል፤ ለእናቴ የመኝታ ዳር ከላይ ተነስቶ ሊታጠብ የሚችል የጨርቅ ምንጣፍ ጨምረንበታል።

ጎርፍ ገብቶበት ለሚያውቅ ቤዝመንት ግን ምርጫዬ ፖርሲሊን ሴራሚክ ነው። ይቀዘቅዛል፣ የባለሙያውም ዋጋ ይከብዳል፤ ነገር ግን ውሃው ሲወጣ ታጥቦ በቦታው ይቆያል፣ ቪኒሉ ግን ከሥሩ እንዲደርቅ ጣውላ በጣውላ መነሳት ይኖርበታል። ቪኒል የሚመርጥ ሰው ከክፍሉ ስፋት 10 በመቶ ያህል አብልጦ ይግዛ፤ የተረፈውን ሳጥንም ያስቀምጥ፤ ጣውላ ተጎድቶ መቀየር ሲያስፈልግ ያንኑ ቀለም ከገበያ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም።